ክፉው ይቅደም

ሐይቅ፣ ሰኔ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለሒክማ ጠሃ፣ ጅዳ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ከሰው አገር ፀሐይ፣ ከሰው አገር ክፉ ዓይን ይሰውርሽ፤ የወጣሽበትን አሳክቶ በሰላም ወደ ደጃፍሽ ይመልስሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ካንቺ ናፍቆት በቀር የጎደለብን ነገር የለም።

እዚህ ኔትወርክ ከጠፋ ወዲህ ወደ ጥንቱ ወግ ተመልሰናል። እኔ እጽፋለሁ፤ ጎረቤታችን ሐቢብ ሚኒባሱን ይዞ ደሴ ሲወጣ ወረቀቱን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል፤ ያንቺንም እዚያው አሳትሞ ያመጣልኛል። ስልክ ከገባ ጀምሮ ብዕር የያዝኩት ለልብስ ልኬት ብቻ ነበር። አሁን ጣቴ ተፈታ። የደንበኞቼ ሱሪ ሳይሰፋ ያድራል እንጂ ያንቺ ደብዳቤ አያድርም።

ሙቀቱን ተዪው። ሰኔ ገብቶም ዝናብ የለም። አምባሰል ራሱ ላይ ደመና ጠምጥሞ ይውላል እንጂ ወደኛ አንዲት ጠብታ አይወረውርም። ቆርቆሮው ከረፋዱ ጀምሮ ይንጣጣል። የስፌት መኪናዬን ከበረንዳው አንስቼ ዋርካው ሥር አስቀምጫታለሁ፤ እዚያም ሆና ብረቷ ይፋጃል። ግን ልጄ፣ ሙቀትም የራሱ ጸጋ አለው። የዐስር ሶላት ሰግደን ወደ ሐይቁ እንወርዳለን። ሽማግሌ ነኝ ሳልል ሱሪዬን ጠቅልዬ እስከ ጉልበቴ እገባለሁ፤ ውሃው ከላይ ለብ ይላል፣ እግር የሚረግጠው ግን ቀዝቃዛ ነው፤ የጣቶቼ ቁርጥማት ሁሉ እልም ይላል። ዓሣ አጥማጁ ሙላት ከታንኳው እንደወረደ የያዘውን ቆሮሶ ዓሣ እዚያው ዳር ላይ ይጠብሳል። እሱ ጾም ላይ ስለሆነ አይቀምስም፤ በሚጥሚጣና በሎሚ ስናጣጥም እያየን፣ «ሽታውን ጎርሼ መግደፌ ነው» ይላል። ሲመሽ ደግሞ ፓፓያ አለ። በርጥብ ጆንያ የተጠቀለለች ገንቦ ጥላ ሥር ትውላለች፤ ውሃዋ ጥርስ ያማል።

እናትሽ ዑምኩልሱም ደህና ናት። «የዓይኔ ብርሃን፣ በጣም ናፍቀሽኛል፤ ስለ እኔ አታስቢ» ብላለች። ጎረቤታችን እናትነሽም ሰላም ትልሻለች፤ ለመስከረም ግሸን ልትወጣ ተስላለች።

ለኔ ምንም እንዳትልኪ። ጃንጥላውም ይቅር።

በዱዓ የማይረሳሽ አጎትሽ
ሙነወር


ጅዳ፣ ሰኔ 8 ቀን

ይድረስ ለውድ አጎቴ ለአያ ሙነወር

ወዐለይኩሙ ሰላም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው። ደብዳቤዎን መጀመሪያ ሳነበው ዓሣው ሸተተኝ። ደግሜ ሳነበው ላብ አጠመቀኝ። ከዚያ በኋላ ማንበብ አልቻልኩም።

አያ፣ እማየ በሕይወት አለች?

አይቆጡኝ። በኛ ወግ መርዶ በደብዳቤ እንደማይነገር እርስዎም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። አባቴ የሞተ ጊዜ እዚህ ከመጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። ያን ጊዜም እርስዎ በስልክ ረጅም መልእክት ላኩልኝ፤ ዓሣው በዝቷል፣ ፓፓያው በስሏል፣ «ካንቺ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም» ብለው። ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ከዚያ ጁምዓ ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። የውጫሌዋ ዘሀራ ናት፣ ጅዳ ያረጀችው። ከኋላዋ የአገሬ ልጆች ጥቁር ዐባያ ለብሰው ተደርድረዋል። ዳቦ ይዘዋል፣ ሻይ በፔርሙዝ ይዘዋል። ዳቦውን ሳይ መርዶ መሆኑ ገባኝ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት በር ሲንኳኳ እግሬ ይከዳኛል።

አሁንስ? ያችው ናፍቆት፣ ያው ፓፓያ። እማየ ደግሞ ስትፈጥር «የዓይኔ ብርሃን» ብላኝ አታውቅም። አውቶቡስ ልሳፈር ስል እንኳ «ነጠላ ጫማሽን ዝናብ ላይ ጥለሽው ሄድሽ» ብላ ነው የሸኘችኝ። እርስዎም ከሄድኩ ጀምሮ በየመልእክቱ ጃንጥላ ሳይጠይቁኝ ቀርተው አያውቁም። አሁን «ይቅር» አሉ። ለምን ይቀራል? እትዬ እናትነሽስ ምን አግኝቷት ተሳለች? ሰው ያለ ጭንቅ አይሳልም።

እዚህ ያለውን ልንገርዎት። ሙቀቱ ግድግዳውን አልፎ ይገባል። የኔ ክፍል ኤሲ የለውም፤ በረዶ በሻሽ ቋጥሬ አናቴ ላይ አስሬ እተኛለሁ፤ ሲቀልጥ በአንገቴ ይወርዳል፣ እሱ ነው የኔ ደስታ። የአሠሪዬ የማዳም እናት ሐጃ አሮጊት ናት፤ ጫማ ትወረውርብኛለች፣ ዓይኗ ስለደከመ ግን አትመታኝም። ማዳምና ልጆቿ ሙቀቱን ሽሽት ወደ ቀዝቃዛ አገር ሊሄዱ ሻንጣ እያወረዱ ነው። አምና ሲሄዱ እኔንና ሐጃን ከውጭ ቆልፈውብን ነበር። ቁልፉ የማዳም ወንድም ዘንድ ሆኖ፣ ሲያሻው ምግብ ያመጣል፣ ሳያሻው ይቀራል። ይህን ሁሉ እችለዋለሁ። ያኛውን የዳቦ ጠዋት ግን አልችለውም።

እማየ ካለች ትቆጣኝ። ቁጣዋን እንደወረደ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ሒክማ


ሐይቅ፣ ሰኔ 10 ቀን

ለልጄ ለሒክማ

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ከሸይጧን ጉትጎታ ይጠብቅሽ። አንቺ ልጅ፣ ምን ቆርጦሽ ነው ሟርት የምትጽፊው? በሙቀት የሚያብደው ውሻ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

እናትሽ አለች! ሙቀቱ ሲበዛባት ወደ አምባሰል ወጥታ አክስትሽ ዙሌይካ ዘንድ ከርማለች። እዚያ አየሩ ሌላ ነው፤ ማታ ማታ ጋቢ ይደርባሉ አሉ፤ ጠዋት እርጎ፣ ቀን ብርዝ ነው። እኛ እዚህ ስንጠበስ እሷ እዚያ ሆና ትስቅብናለች። የእናትነሽ ስለት ደግሞ ለላሟ ነው፤ ላሟ ታማባት ነበር፣ አሁን ድናለች። ጃንጥላውንም እነሆ ጠይቄሻለሁ፤ ላኪልኝ፣ ጥቁር ይሁን፣ እጀታው ቆልመም ያለ።

ቁጣ ካማረሽም፣ እናትሽ በሐቢብ በኩል «ለምን ቶሎ ቶሎ አትጽፊም? ለምን ሰውነትሽን አትጠብቂም?» ብላ በጣም ተቆጥታለች። በቃሽ?

ይልቅ ትናንት የሆነውን ስሚ። ሙላት ሸንኮራ ገዝቶ ውሃው ዳር ተቀመጥን። ነፋሱ ከእስጢፋኖስ በኩል መጣ፤ የገዳሙን የቅጠል ሽታ ይዞ ነፈሰ። እንዲህ ያለ ቀን ጀነትን ያስታውሳል። አትፍሪ ልጄ። ፍርሃት እንግዳ ነው፤ ካልጋበዙት አያድርም።

አጎትሽ ሙነወር


ጅዳ፣ ሰኔ 12 ቀን፣ ጠዋት

አያ፣

ሰላምታውን ይማሩኝ።

እማየ የአምባሰልን ገደል ስታይ ራሷ ይዞራል። ለአክስቴ ዙሌይካ ሰርግ እንኳ አልወጣችም፤ ከታች ሆና ነው እልል ያለችው። እትዬ እናትነሽ ላም የላትም። አምና መሸጧን የጻፉልኝ እርስዎ ነዎት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ሲሉ ያሳደጉኝም እርስዎ ነዎት።

ቁጣውም የእማየ አይደለም። «ሰውነትሽን ጠብቂ» የሚል ቁጣ የት አገር አለ? እማየ ስትቆጣ ዕቃ ትጠራለች። ወንፊት ትላለች፣ ማንቆርቆሪያ ትላለች፣ የማንን ሰፌድ የት እንዳስቀመጥኩ ትጠይቃለች።

ዛሬ ደግሞ ዘሀራ ደወለችልኝ። «ነገ ጁምዓ በጠዋት ብቅ እላለሁ፤ የትም እንዳትሄጂ» አለች። ድምፅዋ ለስልሷል። ዘሀራ ድምፅዋ የሚለሰልሰው መቼ እንደሆነ እዚህ ያለ የወሎ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ምነው ስላት «አይዞሽ፣ ለመጠየቅ ነው» ብላ ዘጋችው።

የፈሩት ይደርሳል ይሉ ነበር። ደረሰ። በሩን አልከፍትላትም። ካልከፈትኩ አልተነገረኝም፤ ካልተነገረኝ አልሞተችም። ልቤ እንዲህ እያለ ነው የሚያሞኘኝ።

እማየ ሞታ ከሆነ እርስዎ ይንገሩኝ። ከዳቦው በፊት ይንገሩኝ።

ሒክማ


ደሴ፣ ሰኔ 12 ቀን፣ ከቀትር በኋላ

ሒክማ ልጄ፣

እናትሽ አልሞተችም። ወላሂ፣ ቢላሂ፣ አልሞተችም። ይህን ሳታነቢ ሌላውን እንዳታነቢ።

አሁን እውነቱን ልንገርሽ። የምጽፍልሽ ከሐይቅ አይደለም፤ ደሴ ሆስፒታል ከበሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ነው። የፊተኞቹንም ደብዳቤዎች የጻፍኩት እዚሁ ተቀምጬ ነው። ሐይቁን ካየሁት ሰነበተ። ያ ዓሣ፣ ያ ሸንኮራ፣ ያ የእስጢፋኖስ ነፋስ ሁሉ የአምና ነው። እናትሽ ውስጥ ተኝታ እኔ ደጅ ሆኜ ስጨነቅ፣ ደስ ያለኝን ቀን አንድ በአንድ እያስታወስኩ ጻፍኩት። ላንቺ ብቻ አይመስለኝም፤ ለራሴም ነበር።

ግንቦት ላይ ለዘመድ ሰርግ ጊራና ወርዳ ወባውን ይዛ መጣች። ትኩሳት ብላ ጀመረች፣ ከዚያ ራሷን ሳተች። ሐቢብ በሚኒባሱ አመጣን። እናትነሽ ጭንቅላቷን ጭኗ ላይ አድርጋ መንገዱን ሙሉ «የግሸኗ እመቤት፣ እሷን አትርፊልኝና በእግሬ እወጣለሁ» ስትል፣ እኔ በዚያ በኩል ከቁርኣን ያሲንን እቀራ ነበር። ስለቱ ይህ ነው። ላም የለም። ሐኪሙ ወጥቶ «ጸልዩ» አለን። ሐኪም ጸልዩ ሲል ምን ማለት እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ። ያን ዕለት ፈራሁ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ለሌላው ችግር ሁሉ የሚረዳኝ ሰው አለኝ፤ ላንቺ እንዴት እንደምነግርሽ ግን አጣሁት።

ትናንት ነቃች። ዛሬ ሾርባ ጠጣች። የዘሀራም ነገር የኔ ጥፋት ነው። ፈርተሽ ብትጽፊልኝ፣ ሰው ሄዶ ያረጋጋት ብዬ በሐቢብ ስልክ ዘሀራን ለመንኳት። መርዶ ተናጋሪዋን ለማጽናናት ላክሁ! እናትሽ ይህን ስትሰማ ከአልጋዋ ልትነሳብኝ ነበር። ዘሀራ ነገ ስታንኳኳ ክፈቺላት፤ ዳቦ ብትይዝም ለመብላት ነው።

በስልክ አናግሪያት ብንላት «በዚህ በሰለለ ድምፄ ብትሰማኝ ገና አሁን ሞተች ትላለች፤ ጻፍ» አለች። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው የእሷ ነው፤ ከኔ አንድ ቃል የለበትም።

«አንቺ ቀላል! ማን ሞተች አለሽ? ወንፊቱን ጠርዙ ተተርትሮ ‹ነገ እሰፋዋለሁ› ብለሽ ጥለሽው ሄደሽ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ዱቄቱ ከእንክርዳዱ ጋር ይወርዳል። የእናትነሽን ማንቆርቆሪያ የት አኖርሽው? እኔን ሌባ አስባልሽኝ። አልቅሰሽም እንደሆነ ዓይንሽን ታጠቢ። ሙነወር ስለ ዓሣ ሲጽፍ ጊዜ መጠርጠርሽን ግን አበጀሽ፤ ልጄ ነሽ። ከእንግዲህ በኔና ባንቺ መካከል ክፉው ይቅደም። ደግ ወሬ ብቻዋን ከመጣች አላምናትም፤ አንቺም እንዳታምኛት።»

እንዲህ ብላ ደከማትና ተኛች። እየተነፈሰች ነው። እዚህ ሆኜ እሰማታለሁ።

ፈሪው አጎትሽ ሙነወር


ጅዳ፣ ሰኔ 14 ቀን

ለአያ ሙነወርና ለእማየ

አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ። የተኛችውን አላህ ፈጽሞ ያንሳት፤ የቆሙትን አያ ሙነወርን ደግሞ ምላሳቸውን ይያዝልኝ።

«ወንፊት» የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ከኩሽናው ወለል ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሐጃ ድምፄን ሰምታ ጫማ ወረወረች፤ ብድግ ብዬ ሳምኳት። ግራ ገባት። ሁለተኛውን ጫማ እጇ ላይ እንደያዘች ቀረች።

ዘሀራ ጎሕ ላይ መጣች። ከፈትኩላት። ዳቦውን ቆርሰን ከሐብሐብ ጋር በላን፤ ልብሴን እየገለጠች «ከስተሽብኛል፣ ጠቁረሽብኛል» ስትል ቆየች። ድምፅሽ ለምን ለሰለሰ ብላት ጉንፋን ይዟት ነው! ቤቱን አሁን በደንብ አየችው፤ በየጁምዓው እመጣለሁ ብላለች።

እማየ፣ ሕግሽን ልጠብቅ፤ ክፉው ይቅደም። ጥርሴን ያመኛል። ማዳም የልጆቿን ልብስ ሁሉ በአንድ ቀን ተኩሺ ብላ ክንዴን ካውያ ነካው፤ ትንሽ ነው፣ ጠባሳ ግን ይተዋል። ክፍሌ እንደ እቶን ነው። ነገ ሊሄዱ ነው፤ በሩን አትቆልፉብን ብዬ ለመንኳት፣ «ለናንተው ደህንነት ነው» አለችኝ። ይህን ፈርቻለሁ። አምና ወንድሟ የቀረባቸውን ቀናት አልረሳኋቸውም።

ደጉ ደግሞ ይህ ነው፦ እማየ አለች። ሌላ ደግ ባይኖርም ይበቃኛል። ማንቆርቆሪያው ከጎተራው ኋላ ነው።

ሒክማ


ሐይቅ፣ ሰኔ 17 ቀን

ለልጄ ለሒክማ

አሰላሙ ዐለይኩም። በሕጉ መሠረት ክፉው ይቅደም። ዝናብ አሁንም የለም። ዋርካው ሥር የተውኳትን የስፌት መኪናዬን ምስጥ የእንጨት እግሯን በላባት። የሙላት ታንኳ ተቀደደ። እኔም ሆስፒታል ወንበር ላይ ስቀመጥ ሰንብቼ ወገቤ አልቃና ብሏል፤ ስሰግድ ሩኩዑ ላይ እንደጎነበስኩ እቀራለሁ። ክፉ ወሬ መጻፍ እንዲህ ደስ እንደሚል አላውቅም ነበር።

ደጉ፦ እናትሽ ቤቷ ገባች። ከበረንዳው ተቀምጣ እግሯን ገበቴ ውሃ ውስጥ ነክራ ትውላለች። ገና ከስታለች፤ ቀለበቷ ከጣቷ ይወልቃል። ግን ማንቆርቆሪያው ተገኝቶ ለእናትነሽ ሲመለስ የመንደሩ ሰው ሁሉ ቁጣዋን ሰምቷል። እናትነሽም «ስለቴ ያዘ» ብላ ከአሁኑ የመንገድ ጫማ ፍለጋ ጀምራለች። ዛሬ ማታ እናትሽን ደግፈን ሐይቁ ዳር አወረድናት። ውሃውን በመዳፏ ጨልፋ ፊቷን ታበሰችና «ሒክማ በሩን ቆልፈውባት ይሆን?» አለች። እኛም ያንኑ እያሰብን ነበር።

ቶሎ ጻፊ። ሐቢብ ከደሴ ባዶ እጁን ሲመለስ ፊቷን ማየት አልችልም።

አጎትሽ ሙነወር


ጅዳ፣ ሰኔ 21 ቀን

ይድረስ ለውድ አጎቴ ለአያ ሙነወርና ለምወዳት እናቴ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ከናንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም።

ስለዘገየሁ ይቅርታ። ሥራ ቀለል ስላለልኝ እንቅልፍ አበዛሁ። እዚህ አየሩ ጥሩ ነው። ኤሲው ክፍሌን እንደ ደሴ አቀዝቅዞልኛል። ምግቡ ሞልቷል። የማዳም ወንድም ጎበዝ ሰው ነው፤ ሰሞኑን ሥራ በዝቶበት ይሆናል እንጂ መምጣቱ አይቀርም። ሐጃም በጣም ጨዋ ሆናለች። ጫማ መወርወር ትታለች፤ ከትናንት ጀምሮ ዝም ብላ ተኝታለች፤ ከንፈሯን በርጥብ ጨርቅ አብስላታለሁ። ውሃ ጥቂት ጥቂት እያሉ ሲጠጡት እንዴት ይጣፍጣል! ጠዋት ጠዋት በመስኮቱ ቀዳዳ ጥቂት ነፋስ ትገባለች፤ ፊቴን እዚያ ላይ አድርጌ ሐይቁን አስባለሁ፣ ዓሣውን፣ ሸንኮራውን፣ በርጥብ ጆንያ የተጠቀለለችውን ገንቦ።

እማየ፣ እኔን አታስቢ። አንቺ ገና በሽተኛ ነሽ፣ እንዳትደነግጪ። ወንፊቱን ባለመስፋቴ ይቅር በይኝ፣ አፉ በይኝ። አያም አፉ ይበሉኝ። ምንም አልፈልግም።

የምትወዳችሁ ሒክማ


ደሴ፣ ሰኔ 22 ቀን

ለሒክማ፤ ከእናትሽ። እጁ የሙነወር ነው፣ ቃሉ የኔ ነው።

ክፉው ይቅደም። ሙነወር ደብዳቤሽን ሲያነብልኝ «ከናንተ ናፍቆት በቀር» ሲል እግሬን ከገበቴው አወጣሁት። ኤሲው ላይ ሲደርስ ተነሳሁ። እርጥብ እግሬን ጫማ ውስጥ ከትቼ ሐቢብን አስነሳሁት፣ ይኸው ደሴ ነኝ። መንገዱን ሁሉ አስታወከኝ። በጣም ፈርቻለሁ።

አንቺ እኔን ታታልያለሽ? ክፍሌ ኤሲ የለውም ያልሽው ራስሽ ነሽ። ጫማ መወርወር የተወች አሮጊት ጨዋ ሆና አይደለም፤ ደክማ ነው። ውሃ የሚጣፍጠው ሲያልቅ ነው። አፉ በሉኝ ማለትንስ ማን አስተማረሽ? አፉ በሉኝ የሚለው ሐጅ የሚሄድና ሊሞት የተዘጋጀ ሰው ነው። አንቺ የትም አትሄጂም። አፉ አልልሽም። ወንፊቱን መጥተሽ እስክትሰፊው ድረስ አፉ አልልሽም!

እኔን እንዳላስደነግጥ ብለሽ ነው። አውቃለሁ። ሙነወርም አንቺን እንዳያስደነግጥ ብሎ ዓሣ ሲጽፍልሽ ነበር። በዚህ መተዛዘናችን ነው የምንተላለቀው።

ያንቺ ስልክ ቢደወል ቢደወል አይነሳም፤ ዘሀራን ግን አግኝቻታለሁ። ባለፈው ጁምዓ መጥታ ብታንኳኳ መልስ አጥታ፣ ከሰዎቹ ጋር ሄደሻል ብላ ተመልሳለች። «ልጄ ከበሩ ኋላ ናት፤ ተቆልፎባት ነው» ስላት ጮኸች። ሌላ የምትጠራው ሴት አለች፣ ሌላዋ ደግሞ ሌላ ትጠራለች፤ ከቆንስላው ሰው የምታውቅም አለች። በሩን የሚያስከፍት ይዘው ነው የሚመጡት። አልከፈት ካለም ከመስኮቱ ሥር ንቅንቅ እንዳይሉ አስምያቸዋለሁ።

ስለዚህ ስሚኝ። ነገ ጎሕ ሲቀድ በርሽ ይንኳኳል። ብዙ ሴቶች ናቸው፤ ጥቁር ለብሰዋል፤ ዳቦም ይይዛሉ፣ ውሃም ይይዛሉ። አትፍሪ። እግርሽ አይክዳሽ። መርዶ አይደለም፤ እኔ ነኝ የላክኋቸው። ተኝተሽም ቢሆን ነቅተሽ በጫማ በሩን ምቺው፤ የሐጃ ጫማ አለ አይደል? ድምፅ እንዲሰሙ።

ሐቢብ ወደ ሐይቅ እንመለስ ይለኛል። አልመለስም። እዚህ ስልክ ባለበት እቀመጣለሁ። ከበሩ ወጥተሽ ደውይልኝ፤ ድምፄ ገና እንደሰለለ ነው፤ ብቻ የምቆጣበት ያህል አለኝ።

እናትሽ ዑምኩልሱም